ውሻን አስከትሎ ወደ ጉና፦ ከጉዞው በፊት የሚሠራ ስሌት

በደቡብ ጎንደር ደጋ ውሻ ሌሊት ግቢ ይጠብቃል፤ ቀን ደግሞ እረኛውን ተከትሎ ተራራ ይወጣል። ስለዚህ ከውሻ ጋር መጓዝ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው፣ ከተማ ያደገ ተማሪ ግቢ ውስጥ የኖረ ውሻውን ይዞ በዕረፍት ቀኑ ወደማያውቀው አገር መውጣቱ ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በቆየሁበት አገር፣ ለእግር ጉዞ የሚነሣ ሰው ከስንቁ ጋር የውሻውን የክትባት ደብተር ይይዝ ነበር። ይህ ልማድ ከቅንጦት ሳይሆን ከስሌት የመነጨ ነው። ስሌቱን በራሳችን ተራራ ላይ እንሥራው።

አየሩ ምን ያህል ይሳሳል?

የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ የሆነው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ፣ ባሕር ዳር ደግሞ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። የአየር ግፊት ከበላያችን ያለው አየር ክብደት ውጤት በመሆኑ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ ያለውን ግፊት 100 ብንለው በባሕር ዳር 80፣ በደብረ ታቦር 72፣ በ4,100 ሜትር ላይ 60 ያህል ይሆናል። የኦክስጅን ድርሻ በሁሉም ቦታ 21 በመቶ ነው፤ የሚያንሰው በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው የሞለኪውል ብዛት ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ጫፍ የሚወጣ ውሻ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከሚያገኘው ኦክስጅን አንድ ስድስተኛውን ያጣል ማለት ነው። ከባሕር ዳር የመጣው ደግሞ አንድ አራተኛውን ያጣል።

ስለዚህ ከቆላማ ቦታ የመጣ ውሻ ደብረ ታቦር ላይ አንድ ሁለት ቀን ቢያርፍ መልካም ነው። ለመለማመጃ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ጋፋት አለ፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው በዚያ ነው። በጉና ዳገት ላይ ውሻው ከተንገዳገደ፣ ካስመለሰው ወይም አረፍ ብሎም ማለክለኩ ካልቆመ መፍትሔው አንድ ነው፤ መውረድ።

ላብ የማያልበው መንገደኛ

ሰው በላቡ ትነት ይቀዘቅዛል። ውሻ ግን ከመዳፉ በቀር ይህ ነው የሚባል ላብ የለውም፤ ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ከአፉና ከመተንፈሻ አካሉ ውኃ ያተናል። 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ወደ 196,000 ጁል ሥራ ይሠራል። የጡንቻ ብቃት አንድ አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ የዚህ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም ወደ 590,000 ጁል የሚጠጋ ጉልበት ሙቀት ይሆናል። የውሻውን የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለመጨመር 70,000 ጁል ገደማ ይበቃል። ሙቀቱ መውጫ ቢያጣ ኖሮ የሰውነቱ ሙቀት ከ8 ዲግሪ በላይ ይጨምር ነበር። ጤነኛ ውሻ 38.5 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ከ41 በላይ ለሕይወቱ አስጊ ነው።

አንድ ግራም ውኃ ሲተን ወደ 2,400 ጁል ይዞ ይሄዳል። ያን ሁሉ ሙቀት በትነት ብቻ ለማስወገድ ሩብ ሊትር ውኃ ይፈጃል። በርግጥ የጉና ቅዝቃዜ ያግዛል፤ በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ ጫፉ ከደብረ ታቦር በ9 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ቢሆንም ለውሻው ብቻ አንድ ሊትር ውኃ መያዝ፣ ማልዶ መነሣትና በየመንገዱ ማሳረፍ ብልህነት ነው።

የማይታየው ጓዝ

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን በሚዛን የሚለካ አይደለም። ተጓዥ ውሻ በሽታም ይዞ ሊጓዝ ይችላል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያንሳሉ። ከጮቄ ተራራ ጠፍቷል፤ በጉናም ከዚህ ቀደም ተመዝግቧል። በባሌ ተራሮች በ2003 እና በ2004 (እ.ኤ.አ.) የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። ምንጩ የቤት ውሻ ነበር። ግጦሽ ፍለጋ ወደ ተራራው የሚወጡ አርቢዎችን ውሾቻቸው ይከተላሉ፤ እኛም በዕረፍት ቀናችን የምናደርገው ከዚህ አይለይም።

በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም የከፋ ነው። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ሞት ከሞላ ጎደል የማይቀር ነው። ዳገቱን ስንወጣ በየመንደሩ የግቢ ውሾች እንግዳውን ውሻ ሊከቡት፣ መካከል የገባውንም ሰው ሊነክሱ ይችላሉ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሊሄድ ይገባል። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት ይህን ጉዞ ሊያዘገየው አይገባም።

ወደ ኋላ የሚቆጠር መርሐ ግብር

ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ አስተማማኝ መከላከያ የሚያዳብረው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ በጥር አጋማሽ ለሚደረግ ጉዞ ክትባቱ ከታኅሣሥ አጋማሽ ማለፍ የለበትም። ቀደም ሲል የተከተበ ከሆነ ጊዜው አለማለፉን ከደብተሩ ማረጋገጥ ነው። ከጉዞው ሳምንት በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ መጠየቅ፣ በመኪናና በማደሪያ ቦታ ውሻ የሚፈቀድ መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። በጉዞው ቀን ጠንካራ ገመድ፣ ውኃና የውኃ ዕቃ ይያዛል። በመንደርና በመንጋ አጠገብ፣ እንዲሁም ጅብራ በሚታይበት በላይኛው ደጋ ውሻው ከገመድ አይፈታም። ተራራው የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ፣ ካልተፈቀደም ውሻውን ለታመነ ጎረቤት ትቶ መሄድ ይገባል።

ሁለት ነገሮችን አስተውሉ። የግፊትና የሙቀት ስሌታችን ጥቂት ቢዛነፍ፣ ያረፈ ውሻ ያገግማል፤ የወረደም ይተነፍሳል። የክትባቱ ቀን ከተዛነፈ ግን ተራራው ላይ ሆኖ ማረም አይቻልም። ስለዚህ ከውሻ ጋር የሚደረግ ጉዞ የሚጀምረው ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ሳይሆን፣ ከአንድ ወር በፊት ከእንስሳት ክሊኒክ ደጃፍ ነው።