የፈሰሰ ባሩድ በምን ይጠረጋል?

በአሜሪካ በርካታ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች የተተኮሰ ቀለህ አይጥሉም፤ በቤታቸው የሥራ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ማቀጣጠያ፣ የተመዘነ ባሩድና አረር ከትተው መልሰው ይጠቀሙበታል። በዚህ መካከል እንደ ጤፍ የደቀቀው ባሩድ አልፎ አልፎ መፍሰሱ አይቀርም። ወለል ላይ ለተበተነ ነገር ቶሎ የሚታሰበው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አቧራ መጥረጊያ፣ ቫኪዩም ክሊነር ነው። ይህ ምርጫ ለምን አደገኛ እንደሆነ ለመረዳት ባሩድ እንዴት እንደሚነድ ማየት ይኖርብናል።

ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራበት ጭስ አልባው ባሩድ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬል እ.ኤ.አ. በ1884 የሠራው የዚህ ባሩድ መሠረት ናይትሮሴሉሎስ ሲሆን፣ በአንዳንዱ ዓይነት ናይትሮግሊሰሪን ይታከልበታል። ለመንደድ የሚሻውን ኦክስጅን በራሱ ሞለኪውሎች ውስጥ ስለያዘ፣ አየር በመከልከል አይጠፋም። በገላጣ ቦታ በስሱ የተነሰነሰ ጥቂት ባሩድ እሳት ቢነካው ቦግ ብሎ ይነዳል እንጂ እንደ ቦምብ አይፈነዳም። በተዘጋ ነገር ውስጥ ግን ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ግፊቱ ያይላል፤ ግፊቱ ሲያይል ደግሞ ባሩዱ ይበልጥ በፍጥነት ይነዳል። አረሩን ከአፈሙዝ የሚያስወነጭፈው ይኸው ባሕርይ ነው።

ቫኪዩም ክሊነሩ እንግዲህ የተበተነውን ባሩድ ከአቧራ ጋር በተዘጋ ከረጢት ያጠራቅመዋል። የብዙዎቹ ሞተር ሲዞር ብልጭታ ይፈጥራል፤ ቅንጣቶቹ ከፕላስቲክ ቱቦው ጋር ሲፋተጉም የኤሌክትሪክ ሙል ይከማቻል። አምራቾች ቅንጣቶቹን በግራፋይት የሚለብጡት ይህን ሙል ለመቀነስ ቢሆንም፣ ከሞተሩ ብልጭታ አያድንም።

ትክክለኛው መሣሪያ ተራ ነው፦ ለስላሳ የተፈጥሮ ፀጉር ብሩሽና ብልጭታ የማይፈጥር ቆሻሻ ማፈሻ። በቅድሚያ ሥራው ይቆማል፣ የባሩዱ ጣሳ ይከደናል፣ በአቅራቢያው እሳትም ሆነ ሲጋራ እንዳይኖር ይደረጋል። የወደቀ ማቀጣጠያ ካለ፣ ሲረገጥ ሊፈነዳ ስለሚችል አስቀድሞ በእጅ ይለቀማል። ምንጣፍ ከሁሉ ያስቸግራል፤ ባሩድ ውስጡ ከገባ ጠርጎ መጨረስ ስለማይቻል፣ ከመነሻው በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ባይነጠፍ እንመርጣለን።

የተጠረገው ባሩድ ወደ ጣሳው አይመለስም። ቆጣቢ ሰው ይህን እንደ ብክነት ሊያየው ይችላል፤ ነገር ግን የሌላ ዓይነት ባሩድ ከተቀላቀለበት የመንደድ ፍጥነቱ ስለሚለወጥ ጠመንጃውን ሊያፈነዳ ይችላል። ናይትሮሴሉሎስ በውኃ ስለማይሟሟ ወደ ፍሳሽ መድፋቱም አያጠፋውም። የተለመደው ማስወገጃ ሕግ በሚፈቅድበት ገላጣ ሥፍራ፣ ውፍረቱ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ አስጥቶ፣ ከርቀት በጥንቃቄ በመለኮስ ማቃጠል ነው።