ላይቭ ሊኑክስን ለመስክ ሥነ ልሳን ማዘጋጀት፦ ከማስነሻ ምስሉ ይልቅ ስክሪፕቱን ስለ መጠበቅ

1. መግቢያ

ሦስት አጥኚዎች አንድን የጽሑፍ ስብስብ በሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ቢያዘጋጁ፣ ለዓይን አንድ የሚመስለው ጽሑፍ ለማሽኑ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የአንደኛው የቁልፍ ሰሌዳ ዐረፍተ ነገርን የሚዘጋው በዩኒኮድ ቁጥር 1362 በተመዘገበው አራት ነጥብ ነው፤ ሁለተኛው የላቲኑን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ይደረድራል፤ ሦስተኛው በቁጥር 1361 የተመዘገበውን የቃል መለያ ሁለት ነጥብ ይደግማል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ጽሑፉን በአራት ነጥብ እየቆረጠ የሚቆጥር ፕሮግራም ግን የመጀመሪያውን ብቻ ይቆርጣል፤ ሌሎቹን ሁለቱን ከነገጻቸው እንደ አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ያነባቸዋል። ከዚህ የሚገኘው አማካይ የዐረፍተ ነገር ርዝመት ስለ ቋንቋው ሳይሆን ስለ ቁልፍ ሰሌዳዎቹ የሚናገር ቁጥር ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ልዩነት ለማስቀረት ከሚመረጡት መንገዶች አንዱ ሁሉም አጥኚዎች ከፍላሽ ዲስክ በሚነሣ አንድ ዓይነት ላይቭ ሥርዓት እንዲሠሩ ማድረግ ነው። ኮምፒውተሩ የማንም ቢሆን፣ በውስጡ የተጫነውም ምንም ቢሆን፣ ከፍላሹ ሲነሣ ፎንቱ፣ የግቤት ዘዴውና የመተንተኛ ፕሮግራሞቹ አንድ ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ምስሉ በእጅ የተሠራ ከሆነ ችግሩ ቦታውን ይለውጣል እንጂ አይወገድም፤ በውስጡ ምን እንዳለና ለምን እንደገባ የሚናገር ነገር የለምና። ስለዚህ የጥናት ቡድን ከምስሉ አስቀድሞ ሊጠብቀው የሚገባው ምስሉን የሚሠራውን ስክሪፕት ነው። ከዚህ በታች የዴቢያን ላይቭ ሥርዓት በምሳሌነት ተወስዷል። የትእዛዞችና የፋይሎች ስሞች በአነጋገራቸው በፊደል የተጻፉ ሲሆን፣ በተግባር የሚጻፉት በላቲን ሆሄያት ነው።

2. የላይቭ ሥርዓት አነሣሥ

ከተንቀሳቃሽ ማከማቻ የሚነሣ ሊኑክስ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በዴቢያን ላይ የተመሠረተው ክኖፒክስ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሲሠራጭ ቆይቷል። አነሣሡ በአራት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ ቡት ሎደር የሚባለው አስነሺ ፕሮግራም ምናሌ ያሳይና ከርነሉን ኢኒትራምኤፍኤስ ከሚባል ትንሽ ጊዜያዊ ሥርዓት ጋር ወደ ማስታወሻ ይጭናል። ቀጥሎ በዚህ ጊዜያዊ ሥርዓት ውስጥ ያሉ ስክሪፕቶች ላይቭ ምስሉ ያለበትን ማከማቻ ፈልገው ያገኛሉ። ሦስተኛ፣ ዋናው ሥርዓት ያለበት ስኳሽኤፍኤስ የተባለ የታመቀ ፋይል ይከፈታል፤ ይህ ፋይል የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ነው። በመጨረሻም ኦቨርሌይኤፍኤስ በዚህ የማይለወጥ መሠረት ላይ በማስታወሻ ውስጥ የሚኖር የሚጻፍበት ንብርብር ይዘረጋል። ስኳሽኤፍኤስ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ2009፣ ኦቨርሌይኤፍኤስ ደግሞ በ2014 ነው።

ለአጥኚው ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ተጠቃሚው በሥራ ላይ የሚያደርገው ማንኛውም ለውጥ በላይኛው ንብርብር ላይ ስለሚቀመጥ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሥርዓቱም በማግስቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ ይነሣል። በሌላ በኩል፣ ዘላቂ መሆን ያለበት ለውጥ ሁሉ ምስሉ ከመታመቁ በፊት ወደ ውስጥ መግባት አለበት።

3. በእጅ መለወጥና በስክሪፕት መሥራት

ዝግጁ ምስልን በእጅ መለወጥ ይቻላል። የታመቀው ፋይል ይፈታል፤ ችሩት በተባለው ትእዛዝ ወደ ውስጡ ይገባል፤ ፎንትና ፕሮግራም ይጨመራል፤ መልሶ ይታመቃል። ለአንድ ጊዜ ሥራ ይህ ይበቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ አንድ ሆሄ መጨመር ሲያስፈልግ ግን ሠሪው የትኞቹን ፋይሎች እንደነካ ላያስታውስ ይችላል፤ ምናልባትም ከቡድኑ ወጥቶ ይሆናል። እንዲህ ያለው ምስል የአጻጻፍ ደንቡ ያልተገለጸበትን የቃላት ስብስብ ይመስላል፦ ሊነበብ ይችላል፤ ሊመረመርና በዚያው ደንብ ሊቀጥል ግን አይችልም።

ላይቭ-ቢልድ የተባለው የዴቢያን መሣሪያ ምስሉን ከባዶ ይሠራል። ኤልቢ ኮንፊግ የተባለው ትእዛዝ የውሳኔዎቹን ማኅደር ያዘጋጃል፤ ኤልቢ ቢልድ ምስሉን ይሠራል፤ ኤልቢ ክሊን የቀደመውን ሥራ ያጸዳል። ግንባታው ሦስት ዋና ደረጃዎች አሉት፦ መነሻውን ዴቢያን ከማከማቻው ማምጣት፣ በውስጡ ጥቅሎችንና ቅንብሮችን መጨመር፣ በመጨረሻም ሁሉን አምቆ ሊነሣ ወደሚችል የአይኤስኦ ምስል መለወጥ። አጥኚው ውሳኔዎቹን የሚያስቀምጠው በአራት ቦታ ነው።

ሀ. የጥቅል ዝርዝር። በተራ የጽሑፍ ፋይል የሚገቡት ፕሮግራሞች ስም በየመስመሩ ይጻፋል፤ ለምሳሌ ለድምፅ ትንተና ፕራት፣ ለድምፅ አርትዖት ኦዳሲቲ፣ ለፊደሉ አቢሲኒካ ፎንት።

ለ. የሚቀዱ ፋይሎች። በዚህ ማኅደር የተቀመጠ ፋይል ሁሉ በምስሉ ውስጥ በዚያው አድራሻ ይገኛል። ቡድኑ ራሱ ያዘጋጀው የቁልፍ ሰሌዳ፣ የሜታዳታ ቅጽና የአጻጻፍ ደንብ እዚህ ይገባሉ። ስኬል በተባለው ንዑስ ማኅደር የተቀመጠው ደግሞ ለተጠቃሚው የቤት ማኅደር መነሻ ይሆናል።

ሐ. ሁኮች። እነዚህ በግንባታው መካከል በምስሉ ውስጥ የሚሠሩ ትንንሽ የሼል ስክሪፕቶች ናቸው፤ ተራቸውን የሚወስነው በስማቸው መጀመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

መ. የአውቶ ስክሪፕት። ለኤልቢ ኮንፊግ የተሰጡት አማራጮች ሁሉ በዚህ ይጻፋሉ፤ በቃል ታዝዞ የሚረሳ ነገር እንዳይኖር የሚያደርገው ይህ ፋይል ነው።

4. ቋንቋ ነክ ውሳኔዎች

4.1 ሎኬል። በሊኑክስ የሲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከአማርኛ ሌላ ለትግርኛ፣ ለትግረ፣ ለብሊን፣ ለግዕዝ፣ ለኦሮምኛ፣ ለሶማልኛ፣ ለአፋርኛ፣ ለሲዳምኛና ለወላይትኛ ሎኬሎች አሉ። ሎኬሉ በማስነሻው መስመር ላይ ሊታዘዝ ይችላል፤ ሆኖም በየመነሣቱ እንደገና እንዳይመነጭ ሁሉም ሎኬሎች ተዘጋጅተው የሚገኙበትን ጥቅል በዝርዝሩ ማካተት ይመረጣል።

ሎኬል የምናሌ ቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቃላት ቅደም ተከተልንም ይነካል። ሲ በተባለው መሠረታዊ ሎኬል ቃላት የሚደረደሩት በዩኒኮድ ቁጥራቸው ነው። ለሰባት ቤት ጉራጌ የተመዘገበው ᎀ ቁጥሩ 1380 ስለሆነ፣ ከመ ቤተሰብ አጠገብ መቆም ሲገባው ከፐ ቤተሰብም ከግዕዝ አኃዞችም ኋላ ይወድቃል። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ቡድን የትኛው የድርደራ ደንብ እንደሚሠራ በስክሪፕቱ ካልወሰነ፣ ውሳኔውን ሳያውቀው ለማሽኑ ይተዋል።

4.2 ፎንት። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በአንድ ጊዜ አይደለም። መሠረታዊው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገባ፤ በ2005 እና በ2010 ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ሆሄያት ተጨመሩ፤ በ2021 ደግሞ በዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌ ቋንቋዎች 28 ሆሄያት ተመዘገቡ። ስለዚህ አማርኛን አሟልቶ የሚያሳይ ፎንት ጉራጊኛን ባዶ ሳጥን አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

4.3 የግቤት ዘዴ። የፊደሉ ሆሄያት ከቁልፎቹ እጅግ ስለሚበዙ ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ሆሄውን የሚያወጣ ዘዴ ያስፈልጋል። የተመረጠው ዘዴ በሥርዓቱ ነባሪ ቅንብር ውስጥ በስክሪፕት ካልተጻፈ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የለመደውን ይመርጣል፤ በመግቢያው የተነሣው የአራት ነጥብ ችግርም ይመለሳል።

4.4 የማስነሻ ምናሌ። አይሶሊኑክስ የተባለው አስነሺ በጥቂት ሆሄያት በተወሰነ ፎንት ስለሚሠራ ለፊደሉ አይመችም። ግራብ ግን በራሱ ቅርጽ የተዘጋጀ የዩኒኮድ ፎንት መጫን ይችላል፤ የግዕዝ ሆሄያትም ከግራ ወደ ቀኝ ሳይያያዙ ስለሚጻፉ የተለየ የአቀራረጽ ስልት አይጠይቁም። ምናሌው በአማርኛ እንዲታይ ከተፈለገ ለሁለቱም የኮምፒውተር ዓይነቶች፣ ማለትም ለባዮስም ለዩኢኤፍአይም፣ ግራብን መምረጥ ያስፈልጋል። ከርነሉ ራሱ በጽሑፍ ገጹ በአንድ ጊዜ ከ512 የሚበልጡ ቅርጾችን ስለማይዝ፣ በመነሣት ላይ የሚያልፉትን መልእክቶች በላቲን መተው ይሻላል።

5. ግንባታው ራሱን እንዲፈትሽ ማድረግ

የስክሪፕት ትልቁ ጥቅም ፍተሻንም ማዘዝ መቻሉ ነው። ኤፍሲ-ሊስት የተባለው ትእዛዝ የአንድን ሆሄ ቁጥር ሲሰጡት ሆሄውን የያዙ ፎንቶችን ይዘረዝራል። ቡድኑ የሚያጠናቸውን ቋንቋዎች ሆሄያት አንድ በአንድ የሚጠይቅ ሁክ ቢጻፍ፣ ፎንት ያልተገኘለት ሆሄ ሲኖር ግንባታው እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ትእዛዙ ምንም ባያገኝም እንደ ተሳካ ሆኖ ሊመለስ ስለሚችል፣ ሁኩ መመርመር ያለበት ዝርዝሩ ባዶ መሆን አለመሆኑን ነው። ጉድለቱ በሥራ ክፍል ውስጥ ቢታወቅ ዋጋው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከከተማ ርቆ በተናጋሪ ፊት ቢታወቅ ግን የጉዞው ዓላማ ይሰናከላል። ከዚያም ምስሉ ወደ ፍላሽ ከመጻፉ በፊት ኪውኢሙ በተባለው አስመሳይ ማሽን ውስጥ ተነሥቶ አጭር ጽሑፍ ሊጻፍበት ይገባል።

6. የተናጋሪዎች አደራ

በመስክ የተቀዳ ድምፅ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ መጥፋት የለበትም። ለዚህም በፍላሹ ላይ ፐርሲስተንስ የሚል መለያ ያለው ክፍል ተዘጋጅቶ በማስነሻው መስመር ላይ ይኸው ቃል ይጨመራል። ክፍሉ የትኞቹን ማኅደሮች እንደሚይዝ የሚወስነው በውስጡ የሚቀመጥ አጭር የቅንብር ፋይል ነው። ሥርዓቱን በሙሉ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፍላሽ በጊዜ ብዛት የየራሱን ጠባይ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ዓላማም ይፈርሳል። የሥራ ማኅደሩን ብቻ መያዝ የተሻለ ነው።

ፍላሽ ይጠፋል፤ ይሰረቃል። በውስጡ ያለው ድምፅ የቤተሰብ ታሪክ፣ የመሬት ክርክር ወይም የሐዘን እንጉርጉሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህ ክፍል በለክስ መመስጠር አለበት፤ ላይቭ-ቡትም የተመሰጠረውን ክፍል በመነሣት ላይ የይለፍ ቃል ጠይቆ ሊከፍተው ይችላል። የይለፍ ቃሉ በስክሪፕቱ ውስጥ ፈጽሞ መጻፍ የለበትም፤ ስክሪፕቱ ለሌሎች እንዲታይ የሚሠራ ሰነድ ነውና። የተመሰጠረ ክፍልም ቅጂን አይተካም፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ የማይጻፍበት መሠረት ባይነካም የሚጻፍበት ክፍል ሊጎዳ ይችላል።

7. ማስቀመጥና መድገም

የጥቅል ዝርዝሩ፣ የሚቀዱት ፋይሎች፣ ሁኮቹና የአውቶ ስክሪፕቱ በአንድ ላይ ሲታዩ መጠናቸው ከምስሉ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ በጊት ሊያዙ፣ ለውጣቸውም ከነምክንያቱ ሊመዘገብ ይችላል። ሆኖም ይኸው ስክሪፕት በሌላ ዓመት ሲሠራ አዳዲስ የጥቅል እትሞችን ስለሚያመጣ ያንኑ ምስል አይሰጥም። ይህን ለማስቀረት የዴቢያን ስናፕሾት የቆዩ ጥቅሎችን በየቀናቸው ይጠብቃል፤ በስክሪፕቱ ውስጥ የአንድ ቀን አድራሻ ሲጻፍ የዚያ ቀን እትሞች ይመጣሉ። ከምስሉ ጋር የኤስኤችኤ-256 አሻራው ቢቀመጥ፣ በሌላ ቦታ ያለ አጥኚ የደረሰው ቅጂ ያው መሆኑን ማረጋገጥ ይችላል። በጥናቱ ሪፖርት ውስጥ የስክሪፕቱን እትምና ይህን አሻራ መጥቀስ፣ የድምፅ መቅጃውን ዓይነት ከመጥቀስ ጋር እኩል ተገቢ ነው።

8. መደምደሚያ

የሥነ ልሳን መረጃ ከተናጋሪው አፍ ወደ ሠንጠረዥ እስኪደርስ በቁልፍ ሰሌዳ፣ በፎንትና በድርደራ ደንብ ያልፋል፤ እነዚህም እያንዳንዳቸው መረጃውን ሊለውጡት ይችላሉ። የተዘጋ ምስል ለውጡን ለሁሉም አንድ ዓይነት ያደርገዋል፤ ስክሪፕቱ ግን ለውጡ ምን እንደሆነ ይናገራል። ፍላሹ ቢጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ ቢያረጅ፣ ስክሪፕቱን የያዘ ቡድን ሥርዓቱን መልሶ ያቆማል። ከዚያም በላይ፣ ከመጀመሪያዎቹ አጥኚዎች አንዱንም የማያውቅ ሰው እያንዳንዱ ሆሄ እንዴት እንደተጻፈ አንብቦ ሊረዳ፣ ካልተስማማም ሊከራከር ይችላል።