ሁላችንም የጉልበት ራጅ መነሳት ይኖርብናል?



በጀማዓ ሲሰግዱ ዙሪያዎን ልብ ብለው ያውቃሉ? አንዱ ከሱጁድ ሲነሳ እጁን መሬት ላይ ተክሎ ነው፤ ሌላው ግድግዳ ይደገፋል፤ ሌላው ደግሞ ከሶፉ ዳር ወንበር አስቀምጦ ይሰግዳል። ቤት ውስጥም እናቶቻችን ከበርጩማ የሚነሱት «ቢስሚላህ» ብለው ጉልበታቸውን ይዘው ነው። «ምን ሆኑ?» ሲባሉ «ብርድ ነው»፣ «እርጅና ነው» ይላሉ፤ ነገሩም በዚያው ያልፋል።

ይህን የተመለከተ ሰው «እኔስ ሳያመኝ ቀድሜ ብመረመር አይሻልም?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በዛሬው ዓምዳችን የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስን፣ ማለትም የጉልበት መገጣጠሚያ መዳከምን፣ ቀድሞ መመርመር ለማን እንደሚጠቅምና ለማን እንደማይጠቅም እንመለከታለን።

በሽታው ምንድን ነው?

ጉልበት የጭን አጥንት፣ የቅልጥም አጥንትና የጉልበት ሎሚ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። አጥንቶቹ እርስ በርስ እንዳይፋተጉ ጫፋቸው ካርቲሌጅ በሚባል ለስላሳና አንሸራታች ነገር ተሸፍኗል። ኦስቲዮአርትራይተስ ሲጀምር ይህ ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል፤ በአጥንቱ ጠርዝ ላይ ትርፍ አጥንት ይበቅላል፤ የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ክፍል ይቆጣል፤ ዙሪያውን የያዙት ጡንቻዎችም ይደክማሉ። ሕመሙ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ፣ ብዙ ሲራመዱ፣ ከተቀመጡበት ሲነሱ ይብሳል፤ ሲያርፉ ቀለል ይላል።

በአገራችን የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ «ሪህ» ወይም «ቁርጥማት» ሲባል ይሰማል። ሪህ ግን በደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ሲጠራቀም የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። ስለዚህ «ሪህ ይዞኛል» ብሎ በግምት ሥጋ መተው ለኦስቲዮአርትራይተስ መድኃኒት አይሆንም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ኦስቲዮአርትራይተስ ነበረባቸው። ከእነዚህ ውስጥ 365 ሚሊዮን ያህሉ የታመሙት ጉልበታቸውን ነው። ከሕሙማኑ 60 በመቶው ሴቶች ሲሆኑ፣ 73 በመቶው ደግሞ ከ55 ዓመት በላይ ናቸው። ከዕድሜና ከፆታ ሌላ የሰውነት ክብደት መጨመር፣ ቀደም ሲል በጉልበት ላይ የደረሰ አደጋ፣ በቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት፣ እንዲሁም ለረጅም ዓመታት ከባድ ሸክም መሸከም ለበሽታው ያጋልጣሉ።

ታዲያ ሁሉም ሰው ቢመረመርስ?

ደም ግፊትን ሳያመን መለካት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም መለኪያው ቀላል ነው፣ ቀድሞ የተገኘውም ግፊት በመድኃኒት ይቆጣጠሩታል። ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም የጤና ድርጅት ባዘጋጁት ጽሑፍ ያስቀመጡት መመዘኛ ይኸው ነው። ጤነኛ የሚመስለውን ሕዝብ በጅምላ ለመመርመር፣ ምርመራው የሚታመን፣ ቀድሞ ማወቁም ለታማሚው ጥቅም የሚያስገኝ መሆን አለበት። የጉልበት ራጅ በሁለቱም በኩል ይጎድለዋል።

አንደኛ፣ ምስሉና ሕመሙ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑና ጉልበታቸው በራጅ ደህና የታየ 710 ሰዎች በኤምአርአይ ተመርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት በ89 በመቶው ላይ ቢያንስ አንድ ጉድለት እንደተገኘ ያሳያል። ጉልበታቸውን ጨርሶ ከማያማቸውም መካከል አብዛኞቹ ጉድለት ተገኝቶባቸዋል። በጃፓን የተካሄደ ሰፊ ጥናትም በራጅ በሽታው ከሚታይባቸው ሰዎች ሕመም የሚሰማቸው ሲሶ ገደማ ብቻ እንደሆኑ ገምቷል።

ሁለተኛ፣ የሳሳውን ካርቲሌጅ መልሶ የሚያበቅል ወይም በሽታውን ባለበት የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን አልተረጋገጠም። እንግዲህ ምንም ያላመመው ሰው ራጅ ተነስቶ «ጉልበትህ ተበልቷል» ቢባል የሚያተርፈው ወጪና ስጋት ነው። ይባስ ብሎም ከፍርሃት የተነሳ መራመድ ያቆማል፤ ይህ ደግሞ ጡንቻውን አድክሞ ጉልበቱን ይጎዳዋል።

ራጅ የማይፈልገው ምርመራ

ይህ ማለት ግን ዝም ይባል ማለት አይደለም። መፈለግ ያለበት ሕመሙን ችሎ የተቀመጠው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ሊግ ኮፕኮርድ የተባለ ፕሮግራም የጀመሩት በዚህ መንገድ ነበር። የሰለጠኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ በቀላል መጠይቅ ሕመም ያለበትን ይለያሉ፤ የተለየውን ሐኪም ያየዋል። በሕንድ ቢግዋን በተባለች የገጠር መንደር እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው ሥራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ከተሟሉ የጤና ባለሙያው በአብዛኛው ያለ ራጅ በሽታውን ሊለይ እንደሚችል ይገልጻል። እርስዎም ራስዎን ይጠይቁ፦

1. ዕድሜዎ 45 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ነው?
2. ጉልበትዎን የሚያምዎ ሲንቀሳቀሱ ነው?
3. ጠዋት ሲነሱ ጉልበትዎ አይያዝም፣ ወይም ቢያዝም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ይፍታታል?

ለሁሉም መልስዎ «አዎ» ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ይህንኑ ለባለሙያው ይንገሩ። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ይጨምሩ፦ በጉልበትዎ ምክንያት አሰጋገድዎ ተለውጧል ወይ? መስጂድ መምጣትስ ቀንሰዋል? ይህ በሽታውን ባይለይም ኑሮዎን ምን ያህል እንደነካ ያሳያል።

ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት መሄድ የሚኖርብዎ ደግሞ ጉልበትዎ በድንገት ካበጠና ካተኮሰ፣ ትኩሳት ካለዎት፣ ከወደቁ በኋላ መቆም ካቃተዎት፣ ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ ከነሳዎት፣ ያለ ምክንያት ከከሱ ወይም የእጅ ጣቶችዎም አብረው አብጠው ጠዋት ለረጅም ጊዜ የሚያዙ ከሆነ ነው። እነዚህ የሌላ በሽታ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ምን ይደረግ?

እንቅስቃሴ፦ ዋነኛው ሕክምና ይህ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግርዎን ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፤ እስከ አምስት ቆጥረው ቀስ ብለው ያውርዱት። በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ ያህል ይደጋግሙት፤ የጭን ጡንቻን ያጠነክራል። በየቀኑ በአቅምዎ ይራመዱ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢያምዎ ጉልበትዎ ተጎዳ ማለት አይደለም።

ክብደት፦ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና በአራት ኪሎ ያህል እንደሚያቃልል አሳይቷል። በፍራሚንግሃም በሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ አምስት ኪሎ ያህል የቀነሱ ሴቶች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከግማሽ በላይ ዝቅ ማለቱን ዘግቧል። ለዚህ የተለየ ምግብ መግዛት አያስፈልግም። የሻይ ስኳር መቀነስ፣ በረመዷን ማፍጠሪያ ሳምቡሳና ጣፋጭ ከማብዛት ይልቅ ተምር፣ ሾርባና አትክልት ማስቀደም፣ በዒድ የሰባውን ሥጋ በልክ መመገብ ጥሩ ጅምር ነው።

መድኃኒት፦ ለጉልበት በቅድሚያ የሚመከረው የሚቀባ የሕመም ማስታገሻ ነው። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ እንክብሎች ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ፣ የደም ግፊትንም ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ያለ ባለሙያ ምክር ለወራት አይውሰዷቸው። የሚጾሙ ከሆነ በባዶ ሆድና ውኃ በጎደለው ሰውነት መውሰዱ አደጋውን ስለሚጨምር ሐኪምዎን አስቀድመው ያማክሩ። ጉልበት ላይ በየጊዜው የስቴሮይድ መርፌ ማስወጋትም በሐኪም ውሳኔ ብቻ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት የተወጉ ሰዎች ካርቲሌጃቸው ይበልጥ እንደሳሳና ሕመማቸውም ካልተወጉት ይልቅ እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

ከዘራ፦ ከዘራ የሚይዙ ከሆነ ከሚያምዎት ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይያዙት፤ ጫናውን ይቀንስልዎታል።

ሶላትና ጉልበት

«መስገድ ጉልበት ይጨርሳል?» ብለው የሚሰጉ ይኖራሉ። በታይላንድ አረጋውያን ሙስሊሞችንና ቡድሂስቶችን ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት የጉልበት ሕመም በሙስሊሞቹ ላይ አንሶ አግኝቷል። አንድ ጥናት ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም፣ ጤነኛ ጉልበት ያለው ሰው ስግደትን ሊፈራ እንደማይገባ ያመለክታል። ሕመሙ የጸናበት ሰው ደግሞ ለታመመ ሰው ሸሪዓ ማቅለያ እንዳስቀመጠ ያውቃል፤ በወንበር እንዴት እንደሚሰግድ ኢማሙን ይጠይቅ እንጂ በሀፍረት ከጀማዓ አይቅር። የመስጂድ ኮሚቴዎችም የማይነቃነቁ ወንበሮችን ቢያዘጋጁ፣ በውዱእ ማድረጊያው አጠገብ መቀመጫና የእጅ መደገፊያ ቢሠሩ ብዙ አረጋውያንን ይመልሳሉ።

ውድ አንባቢ፣ በዚህ ሳምንት ወላጆችዎን ወይም ጎረቤትዎን «ጉልበትዎ እንዴት ነው? ከሱጁድ ሲነሱ ያምዎታል?» ብለው ይጠይቁ። «እርጅና ነው» ቢሉዎት ከላይ ያሉትን ሦስት ጥያቄዎች አብረዋቸው ይመልሱና ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን፤ አሚን።