ጸጥ ያለና ምቹ ቢሮ፦ ከሠራተኛው ትኩረት እስከ ባለጉዳዩ አገልግሎት

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አዳራሽ ውስጥ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ይከናወናል። አንዱ ሠራተኛ ማመልከቻ ይቀበላል፤ ሌላው ማህደር ያገላብጣል፤ ሦስተኛው የክፍያ ሰነድ ላይ ያሉ ቁጥሮችን ያመሳክራል፤ አራተኛው ለክልል ቢሮ በስልክ መልስ ይሰጣል። ሁሉም አስፈላጊ ሥራዎች ቢሆኑም አንዱ ለሌላው እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቁጥር የሚያመሳክር ሰው ሐሳቡ በተቋረጠ ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይጀምራል፤ ካልተመለሰ ደግሞ ስሕተቱ በሰነዱ ላይ ይቀራል። በአያት ስም ላይ የገባች አንዲት የተሳሳተች ፊደል ወይም በትውልድ ዘመን ላይ የተዛነፈ አንድ አኃዝ የጡረታ መብቱን ሊያስከብር የመጣን አረጋዊ ለወራት ሊያመላልስ ይችላል። ስለሆነም የቢሮ ጸጥታ ከሠራተኛው ምቾት ባሻገር የአገልግሎቱ አካል ተደርጎ ሊታይ ይገባል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞችን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ ይጥላል። የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም ስለ ሥራ አካባቢ ደኅንነትና ጤንነት ድንጋጌዎችን ይዞ የወጣ ነበር። ይሁን እንጂ የሥራ ደኅንነት ሲነሣ በአብዛኛው የሚታሰበው ፋብሪካ፣ የግንባታ ቦታና የማዕድን ጉድጓድ ነው። በቢሮ የሚደርሰው ጉዳት ደም ስለማይታይበት በቀላሉ ይታለፋል፤ ምልክቱም በራስ ምታት፣ በአንገትና በወገብ ሕመም፣ በዓይን ድካም ቀስ እያለ ይገለጣል።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመንግሥት ተቋማት በስፋት የተካሄደው መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ በተለምዶ ቢፒአር የሚባለው፣ የቢሮዎችን ገጽታ በእጅጉ ቀይሯል። በርካታ መሥሪያ ቤቶች የክፍል ግድግዳዎችን አፍርሰው ሠራተኞቻቸውን በአንድ ሰፊ አዳራሽ አሰባስበዋል። ዓላማው ባለጉዳዩ ከበር በር እንዳይንከራተት፣ ማህደር ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ በቶሎ እንዲተላለፍ፣ ከተዘጋ በር ጀርባ የሚፈጸም ብልሹ አሠራርም እንዲቀንስ ነበር። ጥቅሙ ዛሬም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ግድግዳው ሲፈርስ ድምፅን ይገታ የነበረው ነገር አብሮ ይፈርሳል፤ በምትኩ ሌላ ካልተበጀ ግልጽነቱ የተገኘው በትኩረት ዋጋ ነው ማለት ነው።

በእንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ ሐሳብን ከሁሉ በላይ የሚሰርቀው ጩኸት ብቻውን አይደለም። የማራገቢያ ወይም የክረምት ዝናብ ድምፅ ወጥ እስከሆነ ድረስ ጆሮ ይለምደዋል፤ ለመልመድ የሚያዳግተው ትርጉሙ የሚገባው ንግግር ነው። አእምሮ የሰማውን ቃል ሳይፈልግ ስለሚከተል፣ በንባብ ወይም በጽሕፈት ላይ ያለ ሰው ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ይገደዳል። የስልክ ንግግር ደግሞ ይብሳል፤ የሚሰማው የአንድ ወገን ቃል ብቻ በመሆኑ የሰሚው ሐሳብ የጎደለውን ለመሙላት ይባክናል። ተራ ንግግር 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት፣ ጣሪያው ባዶ ኮንክሪት በሆነበት ክፍል ግን ድምፅ የሚውጥ ነገር ስለሌለ ይህ ንግግር ደጋግሞ ያስተጋባል፤ ለመደማመጥ ሲል ሁሉም ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እኩለ ቀን ሳይደርስም ቢሮው ገበያ ይመስላል።

ግድግዳውን መልሶ መገንባት አስፈላጊ ላይሆን ይችላል፤ በጀትም ሁልጊዜ አይፈቅድም። ቀዳሚው እርምጃ ሥራዎችን በጠባያቸው መለየት ነው። ባለጉዳይ የሚቀበሉ ሠራተኞች ከመግቢያው አጠገብ፣ ማህደር የሚመረምሩ፣ ሒሳብ የሚሠሩና ደብዳቤ የሚያረቅቁ ደግሞ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ቢቀመጡ ሰልፉ በጠረጴዛዎች መካከል አያልፍም። ማተሚያና ፎቶ ኮፒ ማሽን ወደ መተላለፊያው ቢወጡ ይመረጣል። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍና በማህደር የተሞላ መደርደሪያም ድምፅን በመጠኑ ያረግባሉ። ለባለጉዳዮች መቀመጫ ማዘጋጀት፣ ተራን በቁጥር መስጠት፣ የሚያስፈልጉ ሰነዶችን ዝርዝር በር ላይ በጉልህ መለጠፍ ከውድ ዕቃ ይልቅ ብዙ ጸጥታ ያስገኛል። አንድ ሰው «ምን ምን ይዤ ልምጣ?» እያለ አምስት ሠራተኞችን የሚጠይቅበት ቢሮ ሊረጋጋ አይችልም። ባለጉዳይ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ሥነ ሥርዓት ጎድሎት ሳይሆን ተራው መቼ እንደሚደርስ ስለማያውቅ ነው፤ ይህ ሳይስተካከል የሚለጠፍ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ማስታወቂያ ፋይዳው እምብዛም ነው። ስለ ሕመሙ፣ ስለ ፍቺው ወይም ስለ ዕዳው የሚናገር ሰው ደግሞ ጉዳዩን በሰልፈኛ ፊት ለማስረዳት መገደድ የለበትም። ለዚህ የሚሆን አንዲት ጠባብ ክፍል በየትኛውም አዳራሽ አጠገብ ብትኖር ተገቢ ነው።

ብርሃንን በተመለከተ የአገሪቱ አቀማመጥ ራሱ መመሪያ ይሰጣል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ በቀትር አናት ላይ ትውላለች፤ በእነዚህ መካከል ባሉት ወራት ጥቂት ወደ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በሰሜንና በደቡብ በኩል ያሉ መስኮቶችን በአጭር የጣሪያ ክፈፍ ወይም በመጋረጃ ከፀሐይ መከለል ቀላል ነው። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ግን ጠዋትና ከቀትር በኋላ ዝቅ ብላ የምትገባው ፀሐይ በቀጥታ ዓይን ላይ ታርፋለች። የኮምፒውተር ስክሪን መስኮቱን ከፊት ወይም ከኋላ ከማድረግ ይልቅ በጎን በኩል አድርጎ ማስቀመጥ ነጸብራቁን ይቀንሳል። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ርቀቱም አንድ ክንድ ያህል ሊሆን ይገባል።

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ጠዋቱ ብርድ በመሆኑ መስኮቶች ተዘግተው ይውላሉ። ብዙ ሰው በሚሠራበት ዝግ ክፍል ውስጥ ከትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጠራቀመ አየሩ ይታፈናል፤ ከምሳ በኋላ ለሚመጣው ድብርትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ትይዩ መስኮቶችን በየተወሰነ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ መክፈት በቂ ለውጥ ያመጣል። የቢሮ ቡና ሠራተኛን የሚያቀራርብ መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያመነጭ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም አየር እንደልብ በሚገባበት ቦታ ይፈላ፤ የመብራት ማመንጫ ጄኔሬተርም ከመስኮት ይራቅ።

ስለ ሥርዓት ሲነሣ በኢትዮጵያ የካይዘን አሠራር «አምስቱ ማዎች» ተብለው የተለመዱት ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ከፋብሪካ ይልቅ ለቢሮ የሚያንሱ አይደሉም። በብዙ ቦታ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአንድ የጽዳት ዘመቻ ተከናውነው የኋለኞቹ ሁለቱ ይዘነጋሉ፤ ከወር በኋላም አሮጌው የወረቀት ክምር ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ያለ ወጪ ሊታረም የሚችለው የመቋረጥ ምንጭ ከኃላፊዎች የሚመጣው ነው። ድንገተኛ ጥሪ፣ ሳይታሰብ የሚጠራ ስብሰባ፣ «አሁኑኑ አምጣው» የሚል ትእዛዝ ሠራተኛውን ከማህደሩ ላይ በቀን ደጋግሞ ያስነሣዋል። አንድ የሥራ ክፍል ለምሳሌ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 4፡00 ሰዓት ውስጣዊ ስብሰባም ሆነ አስቸኳይ ያልሆነ ጥሪ እንዳይኖር ሊስማማ ይችላል። በዚህ ጊዜ የመስተንግዶ ጠረጴዛው ለባለጉዳይ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ከውስጥ ያሉት ግን ውሳኔ የሚጠብቁ ማህደሮችን ሳይቋረጡ ይሠራሉ። ስምምነቱ በጽሑፍ ሰፍሮ የክፍሉ ኃላፊ በቅድሚያ ሊፈርምበት ይገባል፤ ሠራተኛው የሚመለከተው ኃላፊው ሲያከብረው ነውና።