የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ከመሞላቱ በፊት ቤተሰብ ሊያሰላው የሚገባው

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ሰሞን ማለፊያ ነጥብ ያመጣ ልጅ ያለው ቤት ደስታና ጭንቀት አብረው ያድሩበታል። ተማሪው በትምህርት ሚኒስቴር የኦንላይን ሥርዓት ገብቶ ሊመደብባቸው የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል እንዲሞላ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት የሚሞላው ዝርዝር ግን ለአራት፣ ለአምስት፣ አንዳንዴም ለስድስት ዓመታት የቤተሰቡን ኪስ የሚነካ፣ የልጁንም የሥራ ሕይወት የሚወስን ነው።

ዕድሉ የተገኘው በብርቱ ጥረት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ቁጥር ጥቂት ሆኖ ቆይቷል። በ2014 ዓ.ም 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5 ነጥብ 4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ተማሪ ከአሥር በታች የሚያልፍበትን በር ያለፈ ልጅ ምርጫውን በግምት ሲሞላ ማየት ያሳዝናል።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ቤተሰቧ በዳንግላ አካባቢ በእርሻና በከብት ርባታ ይተዳደራል። ማለፊያ ነጥብ አምጥታ ምርጫ ልትሞላ ስትል "አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ እያት" ተብዬ ተጠራሁ። ደብተሯ ላይ የጻፈችው ዝርዝር ከጓደኞቿ ስልክ የተገለበጠ ነበር። ከላይ የተቀመጡት ስማቸው የገነነ፣ በትልልቅ ከተሞች ያሉ ተቋማት ናቸው። "ለምን ይህን አስቀደምሽ?" ብዬ ብጠይቃት "ሁሉም ይህን ነው የሞላው" አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ እኔም በጊዜዬ የምርጫ ቅጼን የሞላሁት አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ እያየሁ ነበር።

አባቷ፣ ጋሼ የምለው የአክስቴ ባል፣ ሐሳቡ ሌላ ነው። "ሐኪም ካልሆነች ምን ሊረባት?" ይላል። አክስቴ በበኩሏ ልጇ ከእሷ እንዳትርቅ ብቻ ነው የምትፈልገው። ሦስቱም ያልተነጋገሩበት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ ልጅቱ ራሷ ምን ትወዳለች?

መልሱ በቤቱ ውስጥ ለዓመታት ሲታይ የኖረ ነው። ጥጃ ሲታመም ቀድማ የምታየው እሷ ናት። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ክትባት ሊሰጥ ሲመጣ ከብቱን የምትይዘው፣ የመድኃኒቱን ስም የምትጠይቀው፣ የተከተቡትን ቆጥራ የምትጽፈውም እሷው ናት። በትምህርት ቤትም ጥሩ ያመጣችው በባዮሎጂ ነው። ዝንባሌ ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ያሻዋል? ወላጆች "ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?" ብለው ሲጠይቁ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚመልሱት ሰሚው ይወደዋል ያሉትን ነው። ማንም ሳያዘው በፈቃዱ የሚሠራውን ሥራ መመልከት የበለጠ ይናገራል።

ዝንባሌው ከታወቀ በኋላ ብዙዎች የሚስቱት አንድ አሠራር አለ። ተማሪው አስቀድሞ የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲን ነው፤ ወደ ትምህርት ክፍል የሚገባው የመጀመሪያውን የጋራ ትምህርት ከወሰደ በኋላ በዚያው በተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በውጤቱና በምርጫው ተወዳድሮ ነው። ስለዚህ የምትፈልገው የትምህርት ክፍል የሌለበት ዩኒቨርሲቲ የቱንም ያህል ስም ቢኖረው ለእሷ የተዘጋ በር ነው። የትምህርት ክፍሉ ኖሮ ፉክክሩ ቢበረታባትስ? በዚያው ግቢ ውስጥ በሁለተኛና በሦስተኛ ደረጃ ደስ ብሏት የምትማረው ሌላ ክፍል መኖሩ አብሮ መታየት አለበት።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ ዓይነት አይደሉም። የተነሱበት መሠረት ዛሬም ይታይባቸዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረ ነው። የሐረማያ መነሻ ግብርና፣ የአርባ ምንጭ ደግሞ የውኃ ቴክኖሎጂ ነው። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ወንዶ ገነት በደን ትምህርት ይታወቃል። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅና የመሬት አስተዳደር ተቋማት አሉት፤ የግብርና ኮሌጁም በዘንዘልማ ግቢ ይገኛል። እነዚህ አምስቱ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጅማና ከመቐለ ጋር፣ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው የተለዩት ስምንቱ ናቸው፤ ከሌሎቹ አብዛኞቹ ደግሞ የአፕላይድ ሳይንስ ወይም አጠቃላይ ዩኒቨርሲቲ ተብለዋል። ይህ ክፍፍል የተቋሙን ትኩረት ያመለክታል እንጂ "አንደኛ" እና "ሦስተኛ" ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ወደዚያ መግባት የሚሻ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን የማመልከቻ ማስታወቂያ ለብቻው መከታተል ይኖርበታል።

የአክስቴ ልጅ የምትወደው የእንስሳት ሕክምና በጎንደር፣ በወሎ፣ በጅማና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ጋሼ ይህን ሲሰማ "ለካ ሐኪምነት የከብትም አለው" ብሎ ሳቀ፤ ፊቱም ከዚያ በኋላ ፈታ አለ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን የሚያስቅ አልነበረም። "ልጄ፣ ወጪ መጋራት የሚሉት ዕዳ አለ አሉ። ነገ ተነስቶ በሬዬን ቢያስፈታኝስ?" አለኝ። ይህ ስጋት የእሱ ብቻ አይደለም። በየገበያው የማገኛቸው አርሶ አደሮች ሁሉ የሚያነሱት ነው፤ በዚህ ፍርሃት ሴት ልጁን አጠገቡ ወዳለ አጭር ሥልጠና የገፋ አባትም አውቃለሁ።

ወጪ መጋራት በአገራችን ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የምግብና የመኝታ አገልግሎቱን ሙሉ ወጪና ከትምህርት ወጪው 15 በመቶውን ይጋራል። ይህን ግን ሲመዘገብ አውጥቶ እንዲከፍል አይገደድም፤ ውል ይፈርማል። ተመርቆ ገቢ ማግኘት ሲጀምር ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ይከፈላል። ዕዳው የአባት ሳይሆን የተመራቂው ነው። በሬም አያስፈታም፣ መሬትም አያስይዝም።

ያም ሆኖ "ምንም አይደለም" ተብሎ የሚታለፍም አይደለም። በ2017 ዓ.ም የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ለተማሪው ምግብ መልካም ዜና ነው፤ በውሉ ላይ የሚሰፍረው ቁጥርም አብሮ ያድጋል ማለት ነው። በቀን 100 ብር በወር 3 ሺህ፣ በ10 ወር 30 ሺህ ይሆናል። አራት ዓመት የሚማርና ስድስት ዓመት የሚማር ልጅ ዕዳቸው እኩል እንደማይሆን ከዚህ ይታያል። ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት የወጪ መጋራት ክሊራንስ ስለሚጠየቅ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያስብ ተመራቂ ነገሩን አስቀድሞ ቢያስብበት ይበጀዋል።

በውሉ ቅጽ ላይ ተማሪው የሚጠቀመውን አገልግሎት ይመርጣል፤ ምግብና መኝታ፣ ምግብ ብቻ፣ ወይም መኝታ ብቻ። ከተማ ውስጥ ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ የሚማር ልጅ የማይተኛበትን መኝታ ባይሞላ ዕዳው ይቀንስለታል። ብዙዎች ግን ወረፋው ሲያስጨንቃቸው ሳያነቡ ይፈርማሉ። የፈረሙትን ቅጂ ይዞ ማስቀመጥም አይዘንጋ።

አርሶ አደሩን አሁን የሚፈትነው ግን ውሉ የማይሸፍነው ወጪ ነው። ትራንስፖርት፣ የኪስ ገንዘብ፣ ደብተርና ኮፒ፣ ልብስ፣ የንጽሕና ዕቃ፣ ከቆየም ኮምፒውተር። ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ ሲጠሩ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዞ እንዲመጣ ያሳስባሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ይፈለጋል።

ጊዜውም ለገበሬ ክፉ ነው። ጥሪ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሰብሉ ገና ማሳ ላይ ባለበት ወቅት ነው። የአምናው እህል ከጎተራ አልቋል፣ የዘንድሮው የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በዚህ መሐል ጥሪው ሲደርስ ጥገት ላም ወይም የእርሻ በሬ በርካሽ ይሸጣል፤ አለዚያም ከአራጣ አበዳሪ ይወሰዳል። በግና ፍየል ያለው ቤተሰብ በአዲስ ዓመትና በመስቀል ገበያ፣ ዋጋው ደኅና በሆነበት ጊዜ፣ ሸጦ ገንዘቡን በልጁ ስም በባንክ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። ዕቁብ ያለውም ዕጣውን ለዚያ ሰሞን እንዲያደርጉለት አባላቱን ቢያማክር ነውር የለውም።

እኛም ማታ በኩራዝ ብርሃን ደብተር አሰመርን። ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍሉ መኖሩን፣ መንገዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ደርሶ መልስ ስንት ብር እንደሚጠይቅ፣ በከተማው ዘመድ መኖሩን፣ አየሩንም ጭምር ጻፍን። ሐረማያ በትምህርቱ ከላይ ሊቀመጥ የሚችል ነበር፤ ከዳንግላ አዲስ አበባ አንድ ቀን፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቀን መጓዝ ሲታሰብ ግን በዓመት ሁለቴ የሚወጣው ገንዘብ ለኪስ ከሚሰጣት በለጠ። ጎንደር በባሕር ዳር በኩል በአንድ ቀን ይደረሳል፤ የአክስቴ የጡት ልጅም እዚያ ትኖራለች። እንጅባራ ለቤታቸው ቅርብ ስለሆነና የግብርና ትምህርት ስላለው በዝርዝሩ እንዲገባ አክስቴ አጥብቃ ያዘች፤ እኔም አልተቃወምኩም። የመንገዱ ሁኔታ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ ቅርበት ራሱን የቻለ ሀብት ነው።

በመጨረሻ ጎንደርን አንደኛ አደረገች። ወሎን አስከተለች፤ ሦስተኛ ላይ በግብርና ኮሌጁ ምክንያት ባሕር ዳርን፣ ቀጥሎ እንጅባራን ጻፈች። ሐረማያንና ጅማን አልሰረዘችም፤ ወደ ታች አወረደቻቸው እንጂ። ምደባው የሚሠራው በውጤት፣ በምርጫና በተቋማቱ የመቀበል አቅም በመሆኑ አንደኛ የሞሉት ይደርሳል ማለት አይደለም። ስለዚህም ነው አምስተኛውና ስድስተኛው ምርጫ እንደ አንደኛው ታስቦበት መሞላት ያለበት። የጤና እክል ያለባቸው፣ አካል ጉዳተኞችና የሚያጠቡ እናቶች ልዩ ሁኔታቸው እንዲታይላቸው ማስረጃቸውን በተባለው ጊዜ ማቅረብ ይኖርባቸዋል፤ ምደባ ከወጣ በኋላ የሚደረግ ምልልስ አድካሚ ነው። "ምደባ አስቀይራለሁ" እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ከመጣም በሩን መዝጋት ነው።

ማለፊያ ነጥብ ላላገኙትም መንገዱ አልተቋረጠም። በየዓመቱ የሚወሰነውን የመቁረጫ ነጥብ የሚያሟሉ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ይወስዳሉ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ፤ በክልላችን እንደ ወረታና ኮምቦልቻ ያሉ የግብርና ኮሌጆችም አሉ። እኔ ራሴ በግብርና ኮሌጅ ዲፕሎማ የተማርኩ ነኝ፤ ዛሬ ከአርሶ አደሩ ጋር ቆሜ ስለ ማሳው የምጠይቀው እዚያ በተማርኩት ነው። ወደ ግል ኮሌጅ የሚያስቡ ቤተሰቦች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ተቋሙ ለዚያ የትምህርት ክፍል፣ በዚያው ካምፓስ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው ያረጋግጡ። በአንድ ከተማ የተፈቀደ በሌላው ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች፣ በግል የተማሩትም ጭምር፣ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለባቸው ተማሪዎቹ በዚያ ፈተና ምን ያህል እንዳለፉለት ኮሌጁን መጠየቅ መብት ነው።

ምርጫውን የላክነው በዳንግላ ከተማ፣ ኔትወርክ በተሻለበት በማለዳ ነበር። ልጅቱ ራሷ ከፍታ ራሷ ሞላችው፤ ሚስጥር ቁጥሯንም ለማንም አልሰጠችም። ሲያበቃ ያስገባችውን ዝርዝር ፎቶ አንስታ አስቀመጠች። ምደባው ገና አልወጣም። ጋሼ ግን ለመስቀል ገበያ ሁለት በጎች ለይቶ ማድለብ ጀምሯል። ትናንት ደውሎልኝ "የጎንደር ብርዱ እንዴት ነው፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ልግዛላት?" ሲል ጠየቀኝ።