ዊንግ ፎይሊንግ በተራራ ሐይቅ ላይ፦ ለጀማሪዎችና ለሚያማክሯቸው ሐኪሞች

በነፋስ ኃይል ከሚካሄዱት የውሃ ስፖርቶች መካከል በዕድሜ ትንሹ ዊንግ ፎይሊንግ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ የምናውቀው በአየር የሚነፋ የእጅ ክንፍ ለገበያ መቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ስፖርቱ በአልፕስ ተራሮች መካከል በሚገኙት ሐይቆች ላይ በፍጥነት ተስፋፍቷል። በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያና በሰሜን ኢጣሊያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ወይም ለከፍተኛ ትምህርት ወደዚያ የሄዱ ባልደረቦቻችን «ልጀምረው አስቤያለሁ፤ ጤናዬ ይፈቅድልኛል?» ብለው ሐኪም ቢጠይቁ የሚያስገርም አይደለም። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ከሰሌዳው ሥር ያለውን ስለታም ፎይል ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን በተራራ ሐይቅ ላይ የጀማሪውን ሕይወት ይበልጥ የሚያሰጋው የውሃው ቅዝቃዜ፣ በተለይም ከወደቀ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ናቸው።

መሣሪያውና ነፋሱ

ተጫዋቹ በሰሌዳ ላይ ቆሞ በአየር የተነፋ ቀላል ክንፍ በሁለት እጁ ይይዛል። ክንፉ ከሰሌዳው ጋር የተያያዘ አይደለም። ከሰሌዳው ሥር ወደ ውሃው የሚወርድ ምሰሶ ሲኖር፣ በምሰሶው ጫፍ ላይ እንደ አውሮፕላን የፊትና የኋላ ክንፍ ያለው ፎይል ተገጥሟል። ፍጥነት ሲጨምር በፎይሉ ላይ የሚያልፈው ውሃ ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል ስለሚፈጥር ሰሌዳው ከነተጫዋቹ ከውሃው በላይ ከፍ ይላል። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የላቀ እፍጋት ስላለው፣ የፊት ክንፉ ስፋት 2,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ፎይል አንድ ጎልማሳ ሰው ለመሸከም ከበቂ በላይ ነው።

ጀማሪ ትልቅ ሰሌዳ ያስፈልገዋል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከ100 እስከ 120 ሊትር ይዘት ያለው ሰሌዳ ቢመርጥ ሳይንቀሳቀስም በላዩ መንበርከክ ይችላል። የክንፉን ስፋት ሲመርጥ ግን ከፍታውን ማሰብ ይኖርበታል። በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር እፍጋት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ16 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ፣ ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ የሚሰጠው ግፊትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ላይ 5 ካሬ ሜትር ክንፍ የሚበቃው ሰው ተራራ ላይ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መያዝ አለበት። ነፋስ እያለ «አልነሣ አለኝ» የሚል ጀማሪ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል በምሥራቅ ስዊዘርላንድ በኤንጋዲን ሸለቆ የሚገኘውን የሲልቫፕላና ሐይቅ እንመልከት። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,791 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ከፍታው ከጣና ጋር እጅግ ተቀራራቢ ነው። ተመሳሳይነቱ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። የጣና ውሃ ለብ ያለ ሲሆን ስጋቱም ጉማሬና ቢልሃርዝያ ነው። ሲልቫፕላና በክረምት በበረዶ ተሸፍኖ ይከርማል፤ በሐምሌና በነሐሴ እንኳ የውሃው ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብዙም አይርቅም። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከፍታው ራሱ ምንም አይደለም፤ ፀሐዩ ግን ከውሃው ላይ ስለሚንጸባረቅ ቆዳንና ዓይንን መከላከል ያስፈልጋል።

የዚህ ሐይቅ ዝና የመጣው ማሎያ ከተባለው ነፋስ ነው። በአብዛኞቹ ሸለቆዎች ቀን ቀን ነፋስ ከታች ወደ ላይ ይነፍሳል። እዚህ ግን ከብሬጋልያ ሸለቆ የሚወጣው ሞቃት አየር 1,815 ሜትር ከፍታ ባለው የማሎያ መተላለፊያ በኩል ተሻግሮ ወደ ሐይቆቹ ስለሚወርድ፣ ነፋሱ ከተለመደው በተቃራኒ በሸለቆው ቁልቁል ይነፍሳል። ፀሐያማ በሆነ ቀን እኩለ ቀን ገደማ ተነሥቶ ወደ ምሽት ይበርዳል። ዘግይቶ የገባ ጀማሪ ሐይቁ መካከል ሳለ ነፋሱ ቢጥለው በእጁ እየቀዘፈ መመለስ ግድ ይሆንበታል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው የመብረቅ ደመና ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። በትላልቆቹ የስዊዘርላንድ ሐይቆች ዳርቻ ብርቱካናማ መብራት በደቂቃ 40 ጊዜ ሲበራና ሲጠፋ ለጥንቃቄ፣ 90 ጊዜ ሲሆን ደግሞ ዐውሎ ነፋስ መቃረቡን ለማስታወቅ ነው። ከዳርቻ ወደ መካከል የሚነፍስ ነፋስ ባለበት ቦታ ጀማሪ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

የቅዝቃዜ ድንጋጤ

ቆዳን ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ በድንገት ሲነካው በውስጡ ያሉት የቅዝቃዜ ተቀባይ ነርቮች በአንድ ጊዜ ይቀሰቀሳሉ። ሰውየው ሳይፈልግ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ወዲያው አተነፋፈሱ ከቁጥጥር ውጭ ይፈጥናል፤ የልብ ምቱ ይጨምራል፤ የቆዳ ደም ሥሮች ስለሚጠቡም የደም ግፊቱ ያሻቅባል። ይህ ምላሽ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ደርሶ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ እየበረደ ይሄዳል። በሌላ ጊዜ ለአንድ ደቂቃ ትንፋሹን መያዝ የሚችል ሰው በዚህ ወቅት ከጥቂት ሰከንዶች በላይ መያዝ አይሆንለትም። ያ የመጀመሪያ ትንፋሽ የተሳበው ፊት ከውሃ በታች ሳለ ከሆነ ወደ ሳንባ የሚገባው ውሃ ነው። ጎበዝ ዋናተኛ መሆን ከዚህ አያድንም።

ሌላም ነገር አለ። የቆዳ ቅዝቃዜ ልብን ሲያፈጥን፣ ፊት በውሃ ውስጥ ሲገባ የሚቀሰቀሰው ቬገስ ነርቭ ደግሞ ልብን ያዘገያል። ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ ጊዜ ሲደርሱ የልብ ምት ሊዛባ እንደሚችል ማይክል ሻቶክና ማይክል ቲፕተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 አስረድተዋል። በመሆኑም የልብ ደም ሥር ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ረዥም ኪውቲ የተባለው ችግር ያለበት፣ በቤተሰቡም ውስጥ ምክንያቱ ሳይታወቅ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለ፣ አስቀድሞ ሊመረመር ይገባል። የሚጥል በሽታው በቁጥጥር ሥር ያልዋለ ሰው እንዳይጀምር መምከር አለብን። ትከሻው በቅርቡ የወለቀ ወይም የጆሮው ታምቡር የተቀደደ ሰው እስኪድን መጠበቅ ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ የማውቅ ብሆንም፣ የአየሩ ሙቀት 24 ዲግሪ በነበረበት የሐምሌ ቀን ቀጭን ልብስ ለብሼ በመግባቴ ትምህርቱን በራሴ አካል ደገምሁት። ስወድቅ እስከ አሥር መቁጠር እንኳ አልቻልሁም። አሰልጣኙ «አትዋኝ! ሰሌዳውን ያዝ!» እያለ ሲጮህ ይሰማኛል፤ እጆቼ ግን ውሃውን ከመደብደብ አላቆሙም። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ የለበስሁት ለአየሩ እንጂ ለውሃው አልነበረም።

በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጎርደን ጊስብሬክት ጉዳዩን 1፣ 10፣ 1 በሚል አጭር ደንብ ገልጸውታል። ትንፋሽን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር በቅጡ የሚታዘዙበት 10 ደቂቃ፣ በቅዝቃዜ ሕሊናን ከመሳት በፊት ደግሞ 1 ሰዓት አለ ማለት ነው። ስለዚህ የወደቀ ሰው መጀመሪያ ደረቱን በሰሌዳው ላይ አሳርፎ አየር ማስወጣቱን እያረዘመ መጠበቅ አለበት። ከዚያም ጣቶቹ ሳይደነዝዙ ክንፉን አስተካክሎ ለመነሣት ይሞክር፤ ካልሆነለት ክንፉን ከላዩ አድርጎ በሰሌዳው ላይ በደረቱ ተኝቶ ይቅዘፍ። ሰሌዳውን ትቶ ወደ ዳርቻ መዋኘት የብዙዎች ፈተና ነው፤ ርቀቱ ሁልጊዜ ከሚታየው ይበልጣል። ድንጋጤውን በልምምድ መቀነስ ይቻላል። በአሰልጣኝ ፊት፣ ዳርቻ ላይ፣ በተለያዩ ቀናት አምስት ስድስት ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ እስከ አንገት መግባት የአተነፋፈሱን መናወጥ በግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል።

አጀማመር

5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የኒዮፕሪን ልብስና ጫማ፣ የራስ ቁር፣ ሰውን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዝ ገመድና መንሳፈፊያ ሰደርያ አስፈላጊ ናቸው። ለግጭት መከላከያ ብቻ የተሠራው ሰደርያ ሕሊናውን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ እንደማይገለብጠው ማወቅ ተገቢ ነው። ክንፉን መቆጣጠር መጀመሪያ በየብስ፣ ቀጥሎ ፎይል በሌለው ሰፊ ሰሌዳ ላይ በጉልበት ሆኖ ይለመዳል። ፎይሉ የሚገጠመው ጀማሪው በነፋስ ሄዶ ወደ ተነሣበት ቦታ መመለስ ሲችል ነው። ሲወድቅ ክንፉን ለቆ ከፎይሉ ወደ ራቀው አቅጣጫ በጎን ወይም በጀርባ ይውደቅ፤ በጭንቅላቱ አይጥለቅ፤ ሲወጣም ራሱን በክንዶቹ ይሸፍን።

ከውሃ የወጣ ሰው

ዳርቻ ላይ የሚጠብቅ አንድ ሰው ሊኖር ይገባል፤ እሱም በመላው አውሮፓ የሚሠራውን 112ን፣ በስዊዘርላንድም የአምቡላንሱን 144ና ሬጋ የተባለውን የሄሊኮፕተር አገልግሎት 1414ን በስልኩ ይመዝግብ። ከውሃ የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ፣ የአውሮፓ ሪሰሲቴሽን ካውንስል መመሪያ እንደሚያዝዘው ደረቱን ከመጫን በፊት አምስት ትንፋሽ ይሰጠዋል፤ ልቡ የቆመው አየር በማጣት ነውና። እጅግ በቀዘቀዘ ሰው ላይ የሕይወት ምልክት ፍለጋው እስከ አንድ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። የሚተነፍስ ከሆነ በጀርባው ተጋድሞ፣ እርጥብ ልብሱ በጥንቃቄ ወልቆ ይሸፈን። ከ28 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ልብ ሰውየው በመንገላታቱ ብቻ ሊዛባ ስለሚችል፣ እጅና እግሩን ማሸት ወይም አቁሞ ማስሄድ አይገባም። መንቀጥቀጡ መቆሙ ከሕሊና መደንዘዝ ጋር ከመጣ የመባስ ምልክት እንጂ የመዳን ምልክት አይደለም። ሙሉ በሙሉ ለነቃ ሰው ስኳር የበዛበት ሙቅ ሻይ ይሰጠው፤ አልኮል ግን የቆዳ ደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የተከለከለ ነው። ውሃ የዋጠና ሳሉ ያልቆመለት ወይም ትንፋሹ የሚፈጥን ሰው «ደኅና ነኝ» ቢልም ለጥቂት ሰዓታት በሐኪም ክትትል ሥር መቆየት አለበት።