የዕውቀት እቁብ፦ ከደሴ እስከ ካይሮ

በኢትዮጵያ የትምህርት ዘመኑ በሰኔ ወር መጨረሻ ሲዘጋ፣ ለብዙ መምህራን ክረምቱ የዕረፍት ሳይሆን የሌላ ሥራ ወቅት ነው። ከፊሉ ወደ ትውልድ ቀየው ተመልሶ ቤተሰቡን በእርሻ ያግዛል፤ ከፊሉ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል፤ ራሱ በክረምት መርሐ ግብር የሚማረውም ጥቂት አይደለም። በደሴ ከተማ ዐረብኛ የሚያስተምሩ አንድ መምህር ግን ያለፈውን ክረምት ያሳለፉት በካይሮ፣ ዐረብኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች የማስተማር ዘዴን በመማር ነው። ጉዟቸውን ልዩ የሚያደርገው ወጪው የተሸፈነበት መንገድና ዕዳው የተከፈለበት ሁኔታ ነው።

መምህሩ በባልደረቦቻቸው ዘንድ «ኡስታዝ» እየተባሉ ይጠራሉ። ከ11 የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ወርኃዊ እቁብ ይጥላሉ። የካይሮው ትምህርት ዕድል በተገኘበት ወር ዕጣው የወጣው ለአንዲት መምህርት ነበር። መምህርቷ ተራቸውን ለኡስታዙ ሲለቁ አንድ ቃል አስገቧቸው፦ «ኡስታዝ፣ ገንዘቡን እንደ ደንባችን በየወሩ ይጥላሉ። የተማሩትን ግን በየምሽቱ እንፈልጋለን።»

የእቁቡ ዳኛም አባላቱም በዚህ ተስማሙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሚባለው፣ ለአንድ መምህር የከበደው የጉዞ ወጪ በ12 ሰዎች ትከሻ ላይ ሲያርፍ ቀለለ። ኡስታዙም ካይሮ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ከዒሻ ሶላት በኋላ የቀኑን ትምህርት በድምፅ እየቀረጹ በስልክ ወደ ደሴ መላክ ያዙ።

የቆየ መንገድ

ዕውቀትን ፍለጋ መጓዝ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ደረሳው ከአንዱ ሼህ ነሕውን፣ ከሌላው ፊቅህን እየቀራ ከሐሪማ ወደ ሐሪማ ይዘዋወር ነበር፤ ቀለቡንም የአካባቢው ሕዝብ ይችለዋል። ዳና፣ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥ የመሳሰሉ ቦታዎች ስማቸው የገነነው በዚሁ ነው። ተምሮ የጨረሰ ደረሳም ወደ ቀየው ተመልሶ በተራው ያቀራል። የተማረበት ዋጋ የሚከፈለው በማስተማር ነበር።

መንገዱ በባሕር ማዶም ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. ከ970 እስከ 972 በተገነባው የአዝሃር መስጊድ፣ ከየአገሩ ለሚመጡ ተማሪዎች ሪዋቅ የሚባሉ ማደሪያና መማሪያ ክፍሎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ለሚመጡ ሙስሊሞች የተመደበው የጀበርት ሪዋቅ ነው። ተማሪዎቹ ከወቅፍ በሚገኝ ገቢ ዳቦ እየተሰፈረላቸው በዚያ ይማሩ ነበር።

ኡስታዙ በመጀመሪያው ሳምንት ከላኳቸው ትምህርቶች አንዱ ስለዚህ ሪዋቅ ነበር። መነሻ የሆናቸው በክፍል ውስጥ ደጋግመው የሰሙት «ኤል-ገበርቲ» የሚል ስም ነው። የካይሮ ሰዎች «ጀ»ን «ገ» ብለው እንደሚያነቡ እስኪረዱ ድረስ ስሙ እንግዳ ሆኖባቸው ቆየ፤ ለካስ የሚነገረው ከ1753 እስከ 1825 ስለኖሩት ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ስለ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ኖሯል። ጸሐፊው ስለ ቤተሰባቸው እንደተረኩት፣ የዘር ግንዳቸው የሆኑት አባት ከዘይላዕ ባሕር ተሻግረው፣ በመካና በመዲና ቆይተው ካይሮ የገቡ ሲሆን፣ የጀበርት ሪዋቅ አለቅነትም በዚያው ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል።

የጸሐፊው አባት ሼህ ሐሰን አል-ጀበርቲ በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ዓሊም ነበሩ። የጥላ ሰዓቶችን ይሠሩ ነበር፤ የገበያው ሚዛን በተዛባ ጊዜም አርመው አስተካክለዋል። ልጃቸው ካቆዩልን ታሪኮች አንዱ፣ በ1740ዎቹ ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ከሼሁ ዘንድ የጂኦሜትሪ ትምህርት ቀስመው ወደ አገራቸው እንደተመለሱና ዕውቀቱን በሥራ ላይ እንዳዋሉት ይናገራል።

ኡስታዙ ይህን ሲልኩ ለባልደረቦቻቸው አንድ ጥያቄ አስከተሉ፦ «ተማሪዎቻችን የናፖሊዮንን ስም ያውቃሉ። የናፖሊዮንን ጦር ካይሮ ሲገባ በዓይኑ አይቶ የጻፈው ሰው ዘሩ ከእኛው ምድር እንደሚመዘዝ ግን ማን ነገራቸው?»

ሐመሩ ሐ እና ዐይኑ ዐ

የካይሮው ትምህርት ዋና መልእክት ቀላል ነበር፤ ጀማሪ ተማሪ ከሰዋስው ሕግ በፊት ቋንቋውን ይስማ፣ ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው ይሂድ የሚል ነው። ኡስታዙ ይህን ይዘው፣ አማርኛ የሚናገር ሕፃን ዐረብኛ ሳይማር የሚያውቃቸውን ቃላት መልቀም ጀመሩ። ቤት «በይት» ነው፤ ራስ «ረእስ»፣ ስም «ኢስም»፣ ሞት «መውት»፣ ሰማይ «ሰማእ»። ነፍስ፣ ደምና ዐይንማ በሁለቱም ቋንቋዎች ያው ናቸው።

ከቃላቱ አልፈው ወደ ፊደሉ ገቡ። የኢትዮጵያ ተማሪዎች በዐረብኛ ንባብ የሚቸገሩት በአማርኛ ንግግር ውስጥ በጠፉ ድምፆች ነው። ድምፆቹ ከአንደበት ቢጠፉም ፊደሎቻቸው ግን ዛሬም በገበታው ላይ አሉ። ሐመሩ «ሐ» የዐረብኛው «ሓ»፣ ብዙኃኑ «ኀ» የ«ኻ»፣ ዐይኑ «ዐ» የ«ዐይን»፣ ፀሐዩ «ፀ» ደግሞ የ«ዷድ» አቻ ናቸው። በግእዝ አምስት «ኀምስ» ተብሎ በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል፤ ዐረብኛውም «ኸምስ» ነው። ፀሐይም የረፋድ ብርሃን ከሚባልበት «ዱሓ» ጋር በሥሩ ይገናኛል። ትግርኛ ተናጋሪ ተማሪ ደግሞ «ሐ»ንና «ዐ»ን ከነድምፃቸው ይዞ ወደ ክፍል ይመጣል።

ይህ ሐሳብ ግን ያለ ተቃውሞ አላለፈም። ከእቁቡ አባላት በዕድሜ የሚበልጡት፣ በወጣትነታቸው በሐሪማ የቀሩት መምህር በማግሥቱ ድምፅ ላኩ፦ «ልጄ፣ ካይሮ ድረስ ሄደህ ቃል ቆጠራ አመጣህልን? እኛ አጁሩሚያን በቃላችን ይዘን ነው ኪታብ የገለጥነው። ነሕው ከተተወ ልጆቹ በምን ይቆማሉ?»

ኡስታዙ በዚያ ምሽት አዲስ ትምህርት አልላኩም። ለአዛውንቱ ብቻ መልስ ሰጡ፦ «አባባ፣ ነሕው አይተውም። እርስዎ አጁሩሚያን ሲቀሩ ዐረብኛው በጆሮዎ ነበር፤ ሌት ተቀን ከሼሁ ጋር ነበሩ። የኛ ልጆች ግን ዐረብኛን የሚሰሙት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው። ጆሯቸውን ሳንከፍት ሕጉን ብንሰጣቸው ይሸመድዱታል እንጂ አይገባቸውም።»

ከሁለት ቀን በኋላ የአዛውንቱ ሁለተኛ መልእክት ደረሰ። በዚህኛው ክርክሩን ትተው የራሳቸውን ትዝታ ይናገሩ ነበር። የወሎ ሼሆች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዐጀም፣ ይጽፉ እንደነበር፣ መንዙማውም በዚያ መንገድ ተጽፎ እንደቆየ አስታወሱ። እርሳቸውም ቢሆኑ ፊደሉን የለመዱት የሚያውቁትን የአማርኛ መንዙማ በዐጀም በማንበብ እንደነበር ገለጹ። ከሚታወቀው ወደማይታወቀው የመሄድ ዘዴ በደሴ ዙሪያ ቀድሞ የነበረ፣ የተዘነጋ ሀብት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ምሽት በኋላ ትምህርቱ ከካይሮ ወደ ደሴ ብቻ መፍሰሱ ቀርቶ ከደሴም ወደ ካይሮ ይላክ ጀመር። ኡስታዙ የአዛውንቱን ምክር በክፍል ውስጥ ለመምህሮቻቸው አቀረቡ።

ከ12ቱ ያለፈ ድምፅ

የተቀረጹት ትምህርቶች በእቁቡ አባላት ዘንድ አልቀሩም። አንዲት አባል ጅዳ ውስጥ በቤት ሠራተኛነት ለምትኖር እኅታቸው ላኩላቸው። እኅትየዋ ዐረብኛን ከዓመታት ኑሮ የተነሣ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ማንበብ ግን አይችሉም። የሥራ ውላቸውን የፈረሙት ሌላ ሰው አንብቦላቸው ነው። በፊደሉ ትምህርት ላይ ተመሥርተው ከውሉ ውስጥ ሁለት ቃላትን፣ ደመወዝ የሚለውን «ራቲብ» እና ዕረፍት የሚለውን «ኢጃዛ»ን፣ በራሳቸው ዓይን ለዩ። «አሁን የት ላይ እንደተጻፈ አውቃለሁ» ሲሉ ለእኅታቸው ነገሯቸው።

ኡስታዙ ይህን ሲሰሙ የቀሩትን ሳምንታት ትምህርት በሁለት ከፈሉት። አንዱን ለክፍል መምህራን፣ ሌላውን በዐረብ አገራት እየሠሩ ንግግሩን ለሚያውቁ፣ ፊደሉን ግን ላልተማሩ ወገኖች አዘጋጁ። የሁለተኛው ክፍል ቃላት ከሥራ ውል፣ ከሐኪም ቤት ወረቀትና ከመኖሪያ ፈቃድ የተወሰዱ ናቸው። ለብዙዎች እነዚህ ቃላት ከመብታቸው ጋር የተያያዙ ናቸው፤ በገዛ ዓይን አንብቦ መፈረምና ሌላ ሰው ባነበበው ላይ መፈረም አንድ አይደሉም።

በመስከረም ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ኡስታዙ ወደ ደሴ ተመለሱ። ዛሬ በክፍላቸው የዐረብኛ የመጀመሪያው ሳምንት የሚጀምረው ተማሪዎቹ ከአማርኛ በሚያወጧቸው ቃላት ነው። የነሕው ትምህርት በተከታዩ ወር ይቀጥላል፤ አጁሩሚያንም የሚያስጀምሩት እኚያው አዛውንት ናቸው።

እቁቡ ገና አልወጣም። ኡስታዙ የወር ድርሻቸውን መጣላቸውን ቀጥለዋል። አባላቱ በአዲሱ ዓመት ባደረጉት ስብሰባም ከወርኃዊው መዋጮ ላይ ጥቂት እየቆጠቡ በየክረምቱ አንድ መምህር ለትምህርት እንዲልኩ ወስነዋል። የመጪው ክረምት ተራ ያለ ዕጣ ዕድላቸውን ለለቀቁት መምህርት ተሰጥቷል፤ የተጣለባቸውም ግዴታ በየምሽቱ የተማሩትን መላክ ነው።